ሽንኩርት የማያውቅ ድስት

በሃያ ስምንት ዓመቴ ጡረታ ወጥቻለሁ። የሚስቅ ይሳቅ። ሰባት ዓመት የሠራሁበት ካምፕ ተነቅሎ፣ ሽርጤን አጥቤ፣ አጣጥፌ ሣጥን ውስጥ ካስገባሁት ሌላ ምን ይባላል? አሁን የምሠራው ድንበሩ አጠገብ፣ በአንዲት ጠባብ ቢሮ፣ የነጋዴዎች ዕቃ የሚያልፍበትን ወረቀት በመሙላት ነው። ወንበር ላይ መቀመጥ አልሆነልኝም። በየግማሽ ሰዓቱ እነሣና በር ላይ እቆማለሁ። አለቃዬ «የወጥ ቤት እግር ነው፣ ይለቅሻል» ይሉኛል። እስካሁን አልለቀቀኝም።

ይህን እንድጽፍ ያደረገችኝ እናቴ ናት። በስደት ዘመን ከማዶ፣ ከኢትዮጵያ መጥታ፣ ሞያሌ ኬንያ በኩል ቤት ሠርታ፣ ልጅ አሳድጋ የቀረች ሴት ናት። ነገር ማለሳለስ አታውቅም፤ እኔም ከሷ ወርሼዋለሁ። ካምፑ የተዘጋ ሰሞን «ሰባት ዓመት ሙሉ ጣዖት ለሚያመልኩ ሰዎች ስትቀቅዪ ከርመሽ፣ እጅሽ ላይ ምን ቀረ?» አለችኝ። እኔ ስናደድ ምላሴ ይፈጥናል፣ መልሴ ግን ይዘገያል።

ሥራ የገባሁት ፎርም ፎርን፣ የኬንያን ሁለተኛ ደረጃ፣ በጨረስኩ በዓመቱ ነው። ወደ ኡራን የሚሄደውን መንገድ የሚሠራ የቻይና ኩባንያ ኦዳ አጠገብ ካምፕ ሠርቶ ነበር። ወጥ ቤት ሰው ይፈልጋሉ ሲባል በቦዳ ሄድኩ፤ የሞተሩን ሒሳብ በልመና ነው ያስቀረሁት። በየሦስት ወሩ የሚታደስ ኮንትራት አስፈረሙኝና አንድ ኩንታል ድንች ፊቴ ደፉልኝ። በቃ፣ የመጀመሪያ ዓመቴ ያ ነው። ልጣጭ።

የወጥ ቤቱ አዛዥ ስድሳ ዓመት የሚሆናቸው ቻይናዊ ነበሩ። ሁሉም ሺፉ ይላቸዋል፤ በነሱ ቋንቋ የሙያ አስተማሪ ማለት ነው አሉ። ስማቸው ሌላ ነው፤ ስም ግን ለወረቀት ነው። አጭር፣ ደረቅ፣ ክንዳቸው ላይ የዘይት ጠባሳ የሞላባቸው ሰው ናቸው። እዚህ ከመምጣታቸው በፊት ታንዛኒያ ብዙ ዓመት ሠርተዋልና ስዋሂሊያቸው ከኔ ይሻላል። የምንነጋገረውም በስዋሂሊ ነበር። ከአማርኛ የሚያውቁት ሁለት ቃል ነው፤ «ቅመሽ» እና «ይበቃል»። ትርሲት ማለት ስላልቻሉ ቲሲ ይሉኝ ነበር።

በሁለተኛው ሳምንቴ አንድ ትንሽ ሱፉሪያ፣ የብረት ድስት፣ ከመደርደሪያ አውርጄ ሽንኩርት ልጠብስበት ስል፣ ሺፉ ከወዲያ ጥግ መጥተው ድስቱን ከእጄ ነጠቁኝ። አልጮሁም። እጀታው ላይ የታሰረውን ቀይ ክር አሳዩኝ። ያ ድስት ሽንኩርት አያውቅም። በነሱ አቆጣጠር ጨረቃ በወጣች በመጀመሪያውና በአሥራ አምስተኛው ቀን ሺፉ ሥጋ አይበሉም፤ ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ባሮ ሽንኩርት፣ የሽንኩርት ዘመድ የሆነ ሁሉ አፋቸው አይገባም። ደም ያሞቃል፣ ቁጣ ያመጣል ይላሉ። ለዚያ ቀን የራሱ ድስት፣ የራሱ ቢላ፣ የራሱ መክተፊያ አለው።

እኔ ደግሞ ጾም አውቃለሁ ባይ ነኝ። ረቡዕና ዓርብ ስጾም ያደግኩ ልጅ። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የሌለበት የጾም ወጥ ግን በሕይወቴ ሰምቼ አላውቅም። «ታዲያ ምን ጣዕም ሊኖረው ነው?» ብዬ ጠየቅኋቸው። «ቅመሽ» አሉኝ። ጎመን በዝንጅብልና በጥቂት ስኳር ጠብሰው ነበር። ቀመስኩ። ደገምኩ። መድገሜ ራሱ ምስክር ነው።

ስለ ሙያው ብዙ መጻፍ እችላለሁ። ሺፉ ዘይት መጋሉን በዓይን አያዩም፤ የሚበሉባቸውን ሁለት ቀጭን እንጨቶች ጫፍ ይነክሩና ዙሪያውን የሚወጣውን አረፋ ይሰማሉ። አዎ፣ ይሰማሉ። «ሲያንሾካሹክ ዓሣ፣ ሲያወራ ሥጋ» ይሉኝ ነበር። ሩዝ ሦስት ውኃ ይታጠባል፤ አራተኛ ካጠብሽ ጉልበቱን ወሰድሽበት። ትልቁ ጎድጓዳ መጥበሻ ሳሙና አይነካውም፤ በፍል ውኃና በቀርከሃ መፋቂያ ታጥቦ፣ እሳት ላይ ደርቆ፣ ዘይት ተቀብቶ ይሰቀላል። እኔ ቸኩዬ አንድ ቀን በሳሙና አጠብኩትና በነጋታው ዓሣው ሁሉ ተጣበቀ።

ያን ቀን ነው የሺፉን ዋና ልማድ ያየሁት። ዓሣው ተበጣጥሷል። እኔ ሾርባ አድርገነው እንደብቀው አልኩ። ሺፉ ሳህኑን ይዘው ወጥተው፣ ሠራተኛው በሙሉ ከተቀመጠበት ጠረጴዛ ፊት ቆሙና በስዋሂሊም በቻይንኛም «ዛሬ ዓሣው ተጣብቋል። መጥበሻው በደንብ አልተያዘም። ይቅርታ» አሉ። ከዚያ አቀረቡ። ማን እንዳበላሸ አልተናገሩም። ሁሌም እንደዚያ ነበሩ፤ ሩዙ ሥር ከያዘ፣ ጨው ከበዛ፣ ሰው ማንኪያ ሳያነሣ ጉድለቱን ይናገራሉ። የውኃ ቦቴ የሚነዳው ጉዮ፣ የቦረና ልጅ ነው፣ «እኚህ ሰውዬ ምግብ ከማቅረባቸው በፊት ንስሐ ይገባሉ» እያለ ይስቅ ነበር።

በሦስተኛው ዓመት ሱኒል የሚባል የስሪላንካ ሰው የአፈርና የአስፋልት መመርመሪያ ክፍሉን ሊይዝ መጣ። እሱም እንደ ሺፉ ቡድሃን የሚከተል ነው ሲባል ደስ አለኝ። አንድ ድስት ለሁለት ይበቃል ብዬ! ጨረቃዋ ሙሉ በሆነች ቀን፣ ለሺፉ አሥራ አምስተኛው ቀን ማለት ነው፣ በቀይ ክሩ ድስት የተሠራውን ለሱኒልም አቀረብኩለት። ነጭ በነጭ ለብሶ ነበር። አመስግኖ በላ፣ «ግን ነጭ ሽንኩርት ረሳሽ?» አለኝ። በሱ አገር መነኩሴው ራሱ ነጭ ሽንኩርት ያለበትን ወጥ በልቶ ይመርቃል አለ፤ ዓሣም ቢሆን ሳህኑ ውስጥ ከገባለት አይመልስም። ሱኒል በዚያ ቀን የሚከለከለው ሌላ ነገር ነው። ከቀትር በኋላ እስከ ነገ ጧት እህል አይቀምስም፤ ያለ ወተት ሻይ ብቻ።

አስቡት። እኔ ስጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት አልበላም። ሱኒል ከስድስት ሰዓት በኋላ አይበላም። ሺፉ ቀኑን ሙሉ ይበላሉ፣ ሽንኩርት ግን የለም። ጉዮ ረመዳን ሲመጣ ፀሐይ እስክትገባ ውኃ እንኳ አይነካም። ወጥ ቤቱ ግድግዳ ላይ አንድ የቀን መቁጠሪያ ሰቅዬ የሁሉንም በእርሳስ ምልክት አደርግ ነበር። ሺፉና ሱኒል ሁለቱም ያንኑ አንድ ጨረቃ ያያሉ፣ ያንኑ አንድ መምህር ይጠራሉ፣ የሚያደርጉት ግን አይገናኝም። መጀመሪያ ከሁለት አንዱ ተሳስቷል ብዬ ነበር። በኋላ ነው የገባኝ፤ እኛስ ሞያሌ ድንበሩን በእግራችን ስንሻገር ዓመተ ምሕረቱ ይቀየር የለ? መኪናው ከግራ ወደ ቀኝ ይዞር የለ? መንገዱ ግን ያው መንገድ ነው።

ሺፉ የወጥ ቤቱ ጓዳ ውስጥ ትንሽ መደርደሪያ ነበራቸው። ጓንዪን የሚሏት የምሕረት እመቤት ሥዕል፣ ሦስት ስኒ ውኃ፣ ማንጎ ወይም ብርቱካን። ሱኒል ሥዕሏን ትክ ብሎ አይቶ «እሱ በእኛ አገር ወንድ ነው» አለ። እኔ ጠብ ይነሣል ብዬ ፈራሁ። ሺፉ አልገረማቸውም። በድሮ ዘመን በነሱም አገር ወንድ ነበር፤ ዋሻ ውስጥ የተሣለ፣ ጢም ያለው ሥዕል አይተዋል። ታዲያ እንዴት ሴት ሆነ አልኳቸው። «ሴቶች ልጅ ሲለምኑ ወንድ መቼ ይገባዋል?» አሉ። ውኃ ሊቀዳ ገብቶ የነበረው ጉዮ ቀበል አድርጎ «ድንበር ሲሻገር ኪፓንዴ ቀይሮ ነው» አለ። መታወቂያ ለማውጣት ስንት መከራ እንደምናይ እዚህ ከተማ የማያውቅ የለም። ሱኒል ከሳቁ ብዛት ሻዩ ተደፋ።

መንገዱ እየገፋ ሲሄድ ኡራን በኩል፣ ከብት ውኃ የሚጠጣበት ጉድጓድ አጠገብ ትንሽ ካምፕ ተተከለና እኔ ለብቻዬ ወጥ ቤት ይዤ ተላክሁ። ያ የመጀመሪያ ሹመቴ ነው። ሱኒልም እዚያ ነበር። ለቡድሃ ለሚያቀርበው አበባ ከግቢው በር ላይ ቡገንቪል እንድቀጥፍለት ይልከኛል። አንዴ ቀጥፌ ስመጣ እንደ ልማዴ አሸተትኩት። ሱኒል ተቀበለኝ፣ አመሰገነኝ፣ ስኒ ውስጥ አድርጎ ለኔ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠውና ራሱ ሄዶ ሌላ ቀጠፈ። የሚቀርብ አበባ አስቀድሞ ሰው አያሸተውም። ተቆጥቶ ቢናገረኝ እረሳው ነበር።

ሺፉ ሊጎበኙን ሲመጡ ደግሞ ዕጣናቸው አልቆባቸው ነበር። ከሱቅ የትንኝ ማባረሪያ፣ ያን ጥምዝምዝ አረንጓዴ ነገር፣ ገዝተው ይዘዋት ለመጡት ትንሽ የጓንዪን ሥዕል ለኮሱላት። ሱኒል መጥቶ አየና «ሺፉ፣ ነፍስ አትግደል የተባለውን እየጸለይክ ትንኝ ትፈጃለህ?» አላቸው። ሺፉ ጥቂት አሰቡና «ለመግደል አይደለም፣ እንድትሄድ እየነገርኳት ነው» አሉ። ቢሆንም አጠፉት።

አምስተኛው ዓመት ላይ፣ እኔም ሱኒልም ወደ ኦዳ ከተመለስን በኋላ፣ ካምፑን ጉንፋን የሚመስል በሽታ ዞረው። ሁላችንም ዳንን። የሺፉ አፍንጫ ግን አልተመለሰም። አርባ ዓመት ያበሰለ ሰው አጠገቡ ነጭ ሽንኩርት እያረረ አይሸተውም! ለማንም እንዳልናገር ለመኑኝ፤ አለቆች ቢሰሙ ወደ አገር ቤት ይመልሷቸው ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ በየድስቱ እየጠሩ «ቲሲ፣ አሽቺ» ይሉኛል። ዘይቱ ተበላሽቷል ወይ? ዓሣው የትናንት ነው ወይ? ሩዙ ሥር ሊይዝ ነው ወይ? ሺፉ ማሽተት ያስተማሩኝ ማሽተት ካቆሙ በኋላ ነው፤ የሚጠይቁትን ለመመለስ ስል ከዚያ በፊት የማላውቀውን ሁሉ ለየሁ። «አሁን አፍንጫዬ አንቺ ነሽ» ይሉኝ ነበር። ከዚያ በላይ ሹመት አላገኘሁም።

በስድስተኛው ዓመት የሺፉ እናት አገር ቤት ሞቱ። ዘጠና ያለፋቸው ሴት ነበሩ። ሥራው ጥድፊያ ላይ ስለነበር፣ ጉዞውም ሩቅ ስለሆነ፣ ለቀብር አልደረሱም። ያኔ ነው የሰባት ሰባቱን ነገር ያወቅሁት። የሞተ ሰው መንገዱ ወዲያው አይለይም፤ በየሰባት ቀኑ ቤተሰቡ ምግብ ያቀርብለታል፣ ይጸልይለታል። ሰባተኛው ሰባት፣ አርባ ዘጠነኛው ቀን፣ የመጨረሻው ነው። ከዚያ በኋላ ይሄዳል። ለዚህ ሁሉ ቀን የሚቀርበው በቀይ ክሩ ድስት የተሠራ ነው። ለእናቴ ስነግራት «እኛስ ተዝካር በአርባ እናወጣለን። እነሱ ዘጠኝ ቀን ምን ያዘገያቸዋል?» አለች። ደግሞ ቆየት ብላ «ሳይቀብራት ነው የቀረው?» ብላ ጠየቀችኝ።

ሺፉ በየሰባቱ እናታቸው ይወዱት የነበረውን ያቀርቡ ነበር። ሰባተኛው ሲደርስ ጠሩኝ። «እናቴ ያለሁበትን አገር አታውቀውም» አሉኝ። «ስደውልላት ሁሌ፣ እዚያ ሰዎች ምን ይበላሉ፣ ትለኝ ነበር። የእናትሽን ምግብ ሥሪላት። ከመሄዷ በፊት ትቅመሰው።»

ሽሮ ነው ያሰብኩት። ሥጋ የለበት፣ ቅቤ የለበት። ሽንኩርት ሳልጨምር፣ በዘይትና በውኃ ብቻ አንተክትከዋለሁ። እናቴን «ለሺፉ ሙት እናት የሚሆን የጾም ሽሮ ፈልጌ ነው» አልኳት። ጣዖት የምትለው ሴትዮ አንዲት ቃል ሳትናገር ሽንብራውን ቆላች፣ ከካች፣ መጥና አስፈጨች። በአርባ ዘጠነኛው ቀን ጧት ትኩሱን ዱቄት ይዤ ሄድኩ። ድስቱን ሦስት ጊዜ አጠብኩ። ሽንኩርት የነካ ቢላ አጠገቤ አላስደረስኩም። ሺፉ መጥተው ድስቱ ላይ ጎንበስ አሉ፣ ከልማድ፤ ምንም እንደማይሸታቸው እያወቁ። «አሽቺ» አሉኝ። አሸተትኩ። የቤታችን ሽታ ነው። «ንጹሕ ነው» አልኳቸው።

ቀረበ። ሺፉ ተንበርክከው ለረጅም ጊዜ ቆዩ። ከዚያ ሁላችንም በላን፤ ሱኒልም፣ ጉዮም። ጉዮ ጣቱን ላሰ። ሺፉ የዚያን ቀን ምንም ጉድለት አልተናገሩም። ፊታቸው እንደዚያ ሲያርፍ አይቼ አላውቅም።

ከሰዓት በኋላ ባዶውን ዕቃ ይዤ ቤት ገባሁ። እናቴ በር ላይ ተቀምጣ ነበር።

«በሉት?»

«አንጠፍጥፈው።»

«ይበሉት እንጂ። ነጭ ሽንኩርቱን እኮ እጥፍ ነው የመጠንኩት። ለሙት ነው ብዬ አልሰሰትኩም።»

ዕቃው ከእጄ አልወደቀም፣ ምንም አልሆነም። ምጥን ሽሮ ነጭ ሽንኩርት ይገባበታል፤ በርበሬውም ውስጥ አለ። ከልጅነቴ ጀምሮ ተፈልጦ ሲሰጣ እያየሁ ነው ያደግኩት። ግን ሽንኩርት ማለት ለኔ ቢላ የሚነካው ነገር ነበር። ከተፈጨ ሽሮ ሆኗል፣ አለቀ። ሳሸተው የነጭ ሽንኩርት ሽታ አልነበረም፤ የእማዬ ሽሮ ሽታ ነበር። የሰው አፍንጫ ሆኜ ተሹሜ፣ የራሴን ቤት ማሽተት አቃተኝ።

ማንም አያውቅም። ሺፉ በሕይወታቸው ሊያውቁት አይችሉም። ይህን አስቤዋለሁ፤ አላሰብኩም ብል ውሸት ነው። ቦዳ አስቁሜ ወጣሁና ኦዳ እስክደርስ ድረስ ዝም እንድል ራሴን ስለምን ሄድኩ። ስደርስ ሺፉና ሱኒል መደርደሪያው አጠገብ ስኒ እያደረቁ ነበር። ቆሜ ነገርኳቸው፣ ሳላሳጥር።

ሺፉ የጠየቁኝ አንድ ነገር ነው። «ምን ያህል?»

«እጥፍ» አልኳቸው።

ሺፉ የሩዝ ኩንታል ላይ ተቀመጡ። ሱኒል በነሱ አገር የሚሰጥ ሰው ልቡ ንጹሕ ከሆነ ምግቡ ምንም ቢሆን ይደርሳል ብሎ ሊያረጋጋቸው ሞከረ። ሺፉ ሳያዩት «እናቴ የእናንተ አገር ሰው አይደለችም» አሉት። «ዛሬ ነው የምትሄደው። ሄዳለች።» ከዚያ ድስቱን አንሥተው ወጡና ውኃ ታንከሩ ሥር ደፍተውት ተመለሱ።

ሦስት ቀን ድስቱ እዚያው ተደፍቶ ቆየ። ሦስት ቀን አልተቆጡኝም፣ አልሰደቡኝም፣ ሥራ ያዝዙኛል፣ «አሽቺ» ግን የለም። በሁለተኛው ቀን ዓሣ ሲመጣ እኔ አጠገባቸው ቆሜ ሳለሁ፣ እንዲያሸትላቸው ጉዮን ከቦቴው አስጠሩት። ጉዮ እኔን አየኝ፣ ዓሣውን አየ። «ሺፉ፣ እኔ የማውቀው የናፍጣ ሽታ ነው፤ ይሄ ናፍጣ አይደለም» አለ። ማንም አልሳቀም። ሥራ ልለቅ ወስኜ ነበር። እኔ እንደሆንኩ አንድ ቦታ ሲነደኝ መቆም አልወድም። ያቆመኝ ምን እንደሆነ እስካሁን አላውቅም። ድስቱ ይመስለኛል። ተደፍቶ እያየሁት መሄድ አልቻልኩም።

በአራተኛው ቀን ጧት፣ ገና ሩዝ ሳይጣድ፣ ሺፉ ጠሩኝ። ከእኅታቸው ጋር በስልክ አውርተው ነበር። ልጆች ሳሉ፣ አሉኝ፣ የመንደራቸው ቤተ መቅደስ በመንግሥት ትእዛዝ ተዘግቶ ነበር። መነኩሴ የለም፣ ዕጣን የለም፣ ጢሱ ከታየም ጣጣ ነው። ዘመኑ የረሃብ ነው። እናታቸው ግን ጎህ ሲቀድ በሩን ገርበብ አድርገው፣ የገብስ አጥሚት በስኒ፣ ከላዩ ላይ ከቦይ ዳር የለቀሙትን የዱር ነጭ ሽንኩርት ነስንሰው ለሙታኖቻቸው ያቀርቡ ነበር። ሌላ የሚበቅል ነገር አልነበረምና። ሲያቀርቡም ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ይሄ ሽንኩርት ነው። አይገባም ነበር። ያለኝ ይህ ነው፣ ይቅር በሉኝ» ይላሉ። ቤተ መቅደሱ ተመልሶ የተከፈተው ሺፉ ጎረምሳ ሆነው ነው። ከሌላ አገር የመጣ ወጣት መነኩሴ ሥርዓቱን እንደ አዲስ አስተማረ። በዚያው ሳምንት እናታቸው አንድ ድስት ላይ ቀይ ክር አሰሩ።

«እኅቴ አስታወሰችኝ እንጂ ረስቼው ነበር» አሉ። «ክሩን ይዤ፣ ከክሩ በፊት የነበረውን ረሳሁት።»

እኔ ምናልባት ደግ ሊሆኑልኝ ነው ብዬ ይቅርታ መጠየቅ ስጀምር በእጃቸው አስቆሙኝ። «ትክክል ነበር አልልሽም። አልነበረም። ግን ጉድለቱን ሳንነግራት አቀረብንላት። እንንገራት።»

ስኒዎቹን ንጹሕ ውኃ ሞላን። ሺፉ በራሳቸው ቋንቋ ተናገሩ። ከዚያ ወደኔ ዞረው በቋንቋሽ ንገሪያት አሉኝ። እኔ ከአምላኬ ፊት ካልሆነ በቀር እንዲህ ቆሜ አላውቅም። «እማማ፣ ሽሮው ነጭ ሽንኩርት ነበረበት። ያመጣሁት እኔ ነኝ። ንጹሕ ነው ያልኩትም እኔ ነኝ። ይቅር ይበሉኝ» አልኩ። ሱኒል ከኋላችን ቡገንቪል ይዞ መጥቶ ቆሞ ነበር፤ ከአፍንጫው አርቆ ይዞታል። ስኒው ሥር አስቀመጠው።

ሺፉ ወጥተው ድስቱን አመጡ። በአሸዋ ፈትገውት አብረቅርቋል፤ ክሩ አዲስ ነው። አቀበሉኝ።

«ቲሲ፣ አሽቺ።»

አሸተትኩ። ጊዜ ወሰድኩ። ያን ያህል ጊዜ ለአንድ ድስት ወስጄ አላውቅም። «ብረት» አልኳቸው። «ብረት ብቻ።»

«ይበቃል» አሉ።

መንገዱ ሲያልቅ ካምፑ በአሥር ቀን ተነቀለ። ኩባንያው ወደ ሌላ አገር ሊወስደኝ ጠይቆኝ ነበር፤ እናቴን ትቼ አልሄድም አልኩ፤ አሁን በር ላይ ስቆም አንዳንዴ ይጸጽተኛል። ሱኒል ነጭ ሻሽ ሰጥቶኝ ሄደ። ሺፉ ድስቱን ሰጡኝ። ለምን ለኔ፣ ይዘውት ይሂዱ እንጂ ስላቸው፣ እኅታቸው ቤት የእናታቸው ድስት እንዳለ ነገሩኝ። ወደ ቤት ይዤው ስገባ እናቴ አገላብጣ አየችው፣ «ለሽንኩርት ቁሌት ጥሩ ነው» አለች። የክሩን ነገር ነገርኳት። ላይኛው መደርደሪያ ላይ አስቀመጠችው። ከዚያ ወርዶ አያውቅም።

እስከ ባለፈው ወር ማለቴ ነው። ሺፉ በስልክ የድምፅ መልእክት ላኩልኝ። የእናታቸው ሙት ዓመት ደርሷል። ከካምፑ ሰዎች የመጨረሻው መካኒክ በናይሮቢ አድርጎ ወደ አገሩ ሊሄድ ነው፤ በሱ እጅ ያን ሽሮ፣ ሽንኩርት የሌለበትን፣ ብትልኪልኝ አሉ። እናቴ መልእክቱን አስደግማ ሰማችው። ስዋሂሊው ሲገባት ተነሣች።

ሽሮውን ብቻ አይደለም፣ በርበሬውን ራሱ ከዛላው ጀምራ እንደ አዲስ አዘጋጀች፤ ያለ ነጭ ሽንኩርት፣ ያለ ቀይ ሽንኩርት። ወፍጮ ቤት ሄዳ ባለ ወፍጮውን የሌላ ሰው ቅሪት እስኪወጣ ድረስ በባዶው አስፈጭታዋለች፤ ሰውዬው እስካሁን ያማርራል። «ይሄ ደግሞ ሽሮ ነው ይባላል?» እያለች ስታጉረመርም ዋለች። ከዚያ ቀይ ክሩን ድስት ራሷ አውርዳ ጥቂቱን አንተከተከች፣ ቀመሰች፣ ፊቷን ቋጠረች። እኔን ጠርታ አስሸተተችኝ። ንጹሕ ነበር።

ዱቄቱን በላስቲክ አሽጋ ከሰጠችኝ በኋላ አልሄደችም፤ አጠገቤ ቆመች። ወረቀትና እስክርቢቶ ያዢ አለችኝ።

«ጻፊላቸው» አለች። «ነጭ ሽንኩርት የለበትም። ግን ጣዕሙ ጎድሏል፤ ከዚህ በላይ አልሆነልኝም። ከማቅረባቸው በፊት ለእናታቸው ይንገሩልኝ።»

ጽፌ ከዱቄቱ ጋር አሰርኩት።